አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ

የሰው ቁስል በራሱ መዳን ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ምላጭ የነካው ጣት እንኳ የመዳብ ፔፕታይድ የሚባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ካልተቀባ አይገጥምም። ለዚህም ነው በድሬዳዋ በየቤቱ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ብቻ የምትይዝ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለችው። ሌላ ነገር ለማቀዝቀዝ የሚተርፍ መብራት የለም።

ወርቅያንሹ አባቷን አቶ ሽመክትን ታስታምም ነበር። ሐኪሙ የቀራቸው ጥቂት ቀን እንደሆነ ነግሯታል። አንድ ቀትር ላይ ሽማግሌው ከንፈራቸውን እየላሱ፣ «ልጄ፣ ጥርስ የሚያም ቀዝቃዛ ውሃ አማረኝ» አሏት።

«አባባ፣ ብልቃጡ ከማቀዝቀዣው ከወጣ እኮ መድኃኒቱ ይበላሻል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ተይው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

 ወርቅያንሹ ብልቃጡን አውጥታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ብርሃን እንዳያገኘው አልጋ ሥር አኖረችው። በቦታው አንድ ስኒ ውሃ አስገባች። ውሃው ሲቀዘቅዝ አባቷን ቀና አድርጋ አጠጣቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ጨረሱት።

«እሰይ! ተባረኪ» አሉ።

አመሻሽ ላይ ባሏ አበጋዝ ብልቃጡን አየው። ሰማያዊው መድኃኒት ተበላሽቶ ቡናማ ሆኗል። የሚቀጥለው የመድኃኒት እደላ ከአራት ወር በኋላ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አላት።

ነገረችው። አበጋዝ ወደ ጓዳ ገባ። ቢላዎቹን፣ ምላጩንና መርፌውን ሰብስቦ በወፍራም ጨርቅ ጠቀለላቸውና ቁም ሳጥኑ ላይ አኖራቸው። ከዚያም የእራቱን ሽንኩርት በሙቀጫ ይወቅጥ ጀመር።