ከመዳፍ ያላለፈ ነጭ

ሐኪሟ የሕፃኗን የአንጎል ፎቶ መብራት ያለው ሰሌዳ ላይ ስትለጥፈው፣ እናትየው ነጭ ነጩን አይታ ፊቷ ፈካ። «እሰይ! ጥቁር ቢሆን ነበር የሚያስፈራው» አለች። ታላቅ ልጇ ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ቀን ቢሆን «እማዬ ደግሞ፣ መቼ ነው ዶክተር የሆንሽው?» ብላ ታሾፍባት ነበር።

«እናቴ፣» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «ነጭ ሆኖ የሚታየው ቫይረስ ገብቶ ያሳበጠው ቦታ ነው።»

እናትየው ተነስታ፣ ትኩሳት እንደምትለካ ሁሉ፣ መዳፏን ፎቶው ላይ ጫነች። ነጩ ጠፋ። «ይኸው፣ ከእጄ አላለፈም» አለች።

«አላለፈም» አለች ሐኪሟ። «መድኃኒቱን የምንሰጣትም እንዳያልፍ ብለን ነው።»

ታላቅየዋ ተጠግታ የራሷን መዳፍ በእናቷ እጅ ላይ ደረበች።