ለሙከራ የተላከው አስመሳይ

በአውቶብስ መናኸሪያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል የምትሠራውን ሴት ሁሉም «ማን ረሳ» ይላታል። ዕቃ በተገኘ ቁጥር ደጅ ወጥታ «ማን ረሳ?» እያለች ስለምትጮህ ነው። የሰው ዕቃ ለማይገባው ሰው አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች።

የእህቷ ልጅ የኮምፒውተር ሥርዓት አጥኚ ነው። ለክፍሉ አዲስ ፕሮግራም ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ አክስቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማን ይመጣል፣ ምን ይፈልጋል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ እያለ ሲያደርቃት ሰነበተ። ከዚያ በወረቀት ላይ ቀጫጭን ሰዎችና እንቁላል የመሰሉ ክቦች ሣለ።

«ዩዝ ኬዝ ይባላል። እያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ ማስመዝገብ፣ ዕቃ መውሰድ…»

«ይሄ ሰውዬ ምነው እንዲህ ከሳ?»

«ደንበኛሽ ነው፣ አክስቴ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ አስመሳዩ ነው። የሰው ዕቃ የእኔ ነው ብሎ የሚመጣ።»

«እሱን እንኳ ለእኔ ተወው» አለች።

የፕሮግራሙ ናሙና ተሠርቶ የሙከራው ቀን ደረሰ። ልጁ ጠዋት የተገኙት ዕቃዎች ከነዝርዝራቸው የሚታዩበትን ስክሪን ባንኮኒው ላይ ተከለላት።

«ከዛሬ ደንበኞች መካከል አንድ አስመሳይ ልኬያለሁ። የቴአትር ሰው ነው፤ እንዳይሸውድሽ።»

«እኔን? ገና ከበሩ ነው የማውቀው!»

ልጁ ወደ ላይኛው ቢሮ ወጣ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስክሪኑ ላይ ወድቃ አላሳይ ስላለቻት፣ ማን ረሳ ስክሪኑን ወደ ደንበኞቹ በኩል ዞር አድርጋ ሥራ ጀመረች።

አንዲት ተማሪ ጃንጥላዋን ወሰደች። ቀጥሎ ባለ መነጽር፣ ሽበታም ሽማግሌ በዝግታ ገቡ።

«ቦርሳ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ልጄ። ውይ፣ አዲስ ማሽን ገባላችሁ?» አሉ በአድናቆት ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብለው።

«ገባልን፣ አባቴ። ምን ዓይነት ቦርሳ?»

«ጥቁር የካሜራ ቦርሳ ነው።»

«ውስጡስ ምን ነበረው?»

«ካሜራና ሁለት ሌንስ» አሉ፤ ፈገግም አሉ። «አንደኛው ሌንስ በካልሲ የተጠቀለለ።»

«እንዲህ ነው እንጂ ባለንብረት!» ብላ ቦርሳውን አስረክባ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎረምሳ በላብ ተጠምቆ፣ እያለከለከ ደረሰ።

«እባክሽ እህቴ፣ የካሜራ ቦርሳ! ጥቁር! የሰው ሠርግ ፎቶ ነው ያለበት!»

የማን ረሳ ልብ በደስታ ዘለለ። መጣልኝ!

«እሱን ባለቤቱ ወስዶታል።»

ጎረምሳው ክው አለ። «ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አንደኛው ሌንስ በምን ነው የተጠቀለለው?»

ጎረምሳው አፍሮ ዓይኑን ሰበረ። «በ… በጨርቅ ነገር።»

«በጨርቅ ነገር!» አለችና በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ጠቀሰችው። ጥበቃው በሩን ዘጋ።

ጎረምሳው ለመነ፣ ማለ፣ ተገዘተ። በመጨረሻ እንባው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«ተዋናይ ማለት እንዲህ ነው!» አለች ማን ረሳ። ጥበቃውም አጨበጨበ።

«ምን ሆናችኋል? ሙሽራዋ እኮ ትገድለኛለች!»

«ጭራሽ ሙሽራም አለችበት!» ጥበቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ማን ረሳ ለጎረምሳው ወንበር ሰጠችው፤ ውሃም ቀዳችለት። ይህን ያህል ለለፋ ሰው አይበዛበትም ብላ ነው። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«አስመሳይህን ይዤልሃለሁ። ና ውሰደው!»

«ይዘሽዋል? አክስቴ፣ እሱ እኮ…»

የቀረውን ሳትሰማ ዘጋችበት። ፀጉሯን አስተካከለች፤ ለጥበቃውም በመናኸሪያው ላሉት ሾፌሮች ሁሉ እንዲያወራ አደራ አለችው።

በሩ ሲከፈት የእህቷ ልጅ ገባ፤ ከኋላው ያ ባለ መነጽር፣ ጥቁሩን ቦርሳ አንግቶ፣ ሽበቱን በእጁ ይዞ ተከተለው።