አንደኛው መሰናክል

ሴቶችን በታንኳ ቀዘፋ ስፖርት ለማሳተፍ ባለመቶ ሃያ ገጽ የፖሊሲ ረቂቅ ያዘጋጀው ባለሙያ ዋና አይችልም። «እኔ የምቀዝፈው ወረቀት ላይ ነው» እያለ በራሱ ይስቃል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በሴቶቹ ቡድን መጋዘን ውስጥ ምክክር ከጀመረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቡድኑ የእሁዱን ውድድር ካላሸነፈ ይፈርሳል፤ እሱም ከዚያ በፊት መሰናክሉን ለይቶ ሊያድናቸው ቸኩሏል። መጋዘኑ ጠረጴዛ ስላልነበረው በመጀመሪያው ቀን «የሆነ ነገር ፈልጉ፤ ብቻ ልብስ ይልበስ» ብሎ ነበር። የመጣለት ጠረጴዛ ረጅም ቢሆንም መሃሉ ጎበጥ ስላለ የውሃ ጠርሙሱና የአበባ ማስቀመጫው እየተንሸራተቱ አስቸግረውታል።

«እህቶቼ፣ እንዳትቀዝፉ ያገዳችሁ ምንድን ነው? ባህል ነው? ባል ነው?»

«የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ጻፈ።

«ኧረ ተናገሩ!»

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙን ብለን ነው እንጂ» አለች አምበሏ ዳንጊሴ።

«እኔ? ረቂቄን ስድስት ጊዜ ፊቴ ላይ የወረወሩብኝ ሰውዬ? ቂም የት አባቴ አስቀምጠዋለሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ።

«እንግዲያው ይችን ይያዙልኝ።»

ዳንጊሴ ጠርሙሱን አስታቀፈችው፤ የአበባ ማስቀመጫውንም ጨመረችለት። ከዚያ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው።

ከሥሩ ሁለት በርሜል ላይ የተደፋችው የቡድኑ ብቸኛ ታንኳ ናት።