ስምንት ዓመት በሪሞት

አለበል ወንበር ላይ ቆሞ የዋይፋዩን ሳጥን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ይዟል። "አሁንስ?" ሲል መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ከአልጋቸው ሆነው ቴሌቪዥኑን አዩ። መሐሉ ላይ የምትሽከረከረው ክብ ዞራ ዞራ ጠፋችና ያው የጠዋቱ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እምቢታ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይጠፋቸውም።

"እምቢ ብሏል" አሉ።

ቀኑ ሐምሌ ሰባት፣ ሥላሴ ነው። ጎንደር ላይ ልጃቸው ዜማ በሕክምና የምትመረቅበት ቀንም ነው። መሪጌታ በሰኔው ጭቃ አዳልጧቸው እግራቸው በጄሶ ስለታሰረ ከደብረ ማርቆስ ንቅንቅ ማለት አልቻሉም። ባለቤታቸው ጤናዬ ዘመድ አዝማዱን ይዘው ሄዱ። ወንዱ ልጃቸው አንሙት ደግሞ ምርቃቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል ብሎ ይህን ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አስተከለላቸው። ዜማ ስሟ ሲጠራ ወደ ካሜራው ዞራ እጅ ልትነሳ፣ እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው ሊመርቋት በስልክ ተቃጥረዋል። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ሳይመርቋት ከቀሩ እስከ ዛሬ የሰጧት ሁሉ ጎዶሎ የሚሆን ይመስላቸዋል።

አለበል የሰፈሩ ዲሽ ተካይ ነው። ሳጥኑን አጥፍቶ አበራ፣ ሽቦውን ነቅሎ ሰካ፣ የይለፍ ቃሉን አምስት ጊዜ ጻፈ፣ የሐምሌን ደመናም ረገመ። የገረመው ግን በዚያው ዋይፋይ የእሱ ስልክ ደህና አድርጎ መሥራቱ ነው። በስልኬ እንይ ቢላቸው መሪጌታ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጥቁር ካባ የለበሰው ተመራቂ ሁሉ ጤፍ አክሎ ታያቸው፤ ከጤፍ መሐል ልጅ መልቀም አልችልም ብለው ስልኩን መለሱለት።

ስልኩ ላይ ስም መጥራት ተጀመረ። አለበል ተስፋ ሳይቆርጥ ሪሞቱን እየነካካ ወደ ቴሌቪዥኑ ሆድ ዕቃ ገባ። ከዚያ ድንገት ቆመ።

"የኔታ፣ ይህን ቀን ማን ነካው?"

"ነካው አትበል። አረምኩት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትናንት በስቲያ መሪጌታ በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ 2018 የሚል ቁጥር አዩ። አርባ ዓመት ሙሉ ጾምና በዓል የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ ሰው፣ በገዛ ግድግዳቸው ላይ የተሳሳተ ዓመት ተሰቅሎ እንቅልፍ ሊወስዳቸው አልቻለም። ከሪሞቱ ጋር ግማሽ ቀን ሲታገሉ ዋሉና ዓመቱን 2010፣ ወሩን ዐሥራ አንደኛ አደረጉት፤ ሰዓቱንም ከፀሐይዋ ጋር አስታረቁት። በሥራቸው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም። ጎንደር ድረስ ደውለው ለጤናዬ ነግረዋል።

አለበል ከወንበሩ ወረደ። ሉማሜ አንድ ሆቴል ውስጥም ቀኑ የተዛባ ቴሌቪዥን እንዲሁ አስቸግሮት እንደነበር ነገራቸው። ይህ ዕቃ ከተሠራ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ገና ወዳልተሠራበት ዘመን መልሰውታል፤ አሁን በኢንተርኔት ቢጣራ፣ ቀኑን አይቶ ወዲያ ማዶ የሚያምነው የለም አላቸው። መፍትሔው ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መመለስ ብቻ ነው።

"በሥላሴ ቀን ሐሰት ልጻፍ?"

"ቁጥር እኮ ነው፣ የኔታ።"

"ቁጥር ባይሆን መች ገደደኝ።"

ስም የሚጠራው በፈረንጅ ፊደል ተራ ስለሆነ ዜማ መጨረሻ አካባቢ ናት፤ በእኛ ፊደል ቢሆን ይሄኔ ተጠርታ አልፋ ነበር ብሎ አለበል እንደ ማባበያ ጣል አደረገ። ፈረንጅ ባለውለታቸው መሆኑ ለመሪጌታ ጨርሶ አልተዋጠላቸውም። በዚህ መሐል ስልካቸው ጠራ። ዜማ ከሰልፉ ላይ ሆና በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"አባባ፣ እያዩን ነው? ከፊቴ ዐሥር ሰው ነው የቀረው።"

"አሁን አይሻለሁ" ብለው ዘጉት። ከዚያም ወደ አለበል ዞሩ። "ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን አንተ አድርገው። ዓመቱን ለኔ ተወው።"

ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይፈራረቃሉና፣ ሪሞቱን በተጫኑ ቁጥር ስሙን ይጠሩ ጀመር። 2011፣ ሉቃስ። 2012፣ ዮሐንስ። 2013፣ ማቴዎስ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ በዚህኛው እኖር ይሆን የሚል ሐሳብ ሽው አለባቸው። 2014። 2015። አለበል ስልኩን እያየ አምስት ሰው ቀረ አላቸው። 2016 ላይ አውራ ጣታቸው ቆመ።

"የኔታ፣ ሦስት ቀረ።"

"ቆይ፤ ዘመን በሩጫ አይታለፍም።"

2017፣ ማቴዎስ። 2018።

"ማርቆስ" አሉ ቀስ ብለው። ዘንድሮም ማርቆስ ነው። ሁለት ዙር ዞረው ያው ወንጌላዊ ላይ አርፈዋል። ይህን ለስንቱ ተማሪ ያሰሉ ሰው፣ ዛሬ አንድ በአንድ ቆጥረው ሲያገኙት ሳቃቸው መጣ።

"ይሁን። ወንጌላዊው እንኳ ትክክል ነው።"

ክቧ ዞረች፣ ጠፋች፣ አዳራሹ ግድግዳውን ሞላው። ዜማ ሰው አክላ፣ ልጃቸውን አክላ ወደ መድረኩ ወጣች። ስሟ ሲጠራ ወደ ካሜራው ዞረችና መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። መሪጌታ ጄሶውን ረስተው ብድግ አሉ፤ አለበል ከኋላ ወገባቸውን አቅፎ ደገፋቸው።

"እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። ደጅሽ አይዘጋ። ከኔ ዕድሜ ተርፎ ላንቺ ይሁን።" እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። ዓይናቸው ፈዞ ዜማ መውረዷን ስላላዩ፣ ቀጥሎ የወጣው ረጅም ወጣትም ግማሹ ምርቃት ደረሰው።

ሲያልቅ አለበል አልጋቸው ላይ አመቻቸላቸውና ሪሞቱን አነሳ። እንግዲህ ከፈለጉ ወደ እውነተኛው ዓመት ልመልስልዎ አላቸው።

መሪጌታ የጥጉን 2018 አዩት። ልጃቸውን ያዩባት ዓመት፣ ለመድረሳቸው ማንም ዋስ የማይሆናቸው ዓመት ናት።

"ተወው። አንዴ ከደረስንበት ምን ይመልሰናል?" አሉ። ሪሞቱንም ከእጁ ወስደው ትራሳቸው ሥር ከተቱት።