የአስካለ ተራ

የቤት ውስጥ ሻምፒዮናው የሴቶች ሺህ አምስት መቶ ሜትር ፍጻሜ ሁለት ዙር ሲቀረው፣ ከፊት ሆና የምትመራው ልጅ ከኋላዋ የአስካለን ኮቴ ሰማች። ቀኙ ከግራው ጠንከር ብሎ የሚያርፍ ኮቴ ነው፤ ከመቶ ሰው መካከል ትለየዋለች።

ደብረ ብርሃን ላይ አምስት ዓመት አብረው ሲለማመዱ በየዙሩ እየተፈራረቁ ይመሩ ነበር። ተራው ሲደርስ የፊተኛዋ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ የኋለኛዋ በውስጥ በኩል ታልፋለች። የመጨረሻው ዙር ምንጊዜም የአስካለ ነው። አንድ ቀን እንኳ ተጣልተውበት አያውቁም።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ እሷ የምትሰማው ያንን ኮቴ ብቻ ነበር። እንደ ልማዷ ወደ ውጭ ወጣ ብላ መንገዱን ለቀቀችላት። የሆነ ነገር ክንዷን ታክኮ አለፈ፤ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን መሙ ላይ ተክላ፣ ኮቴውን እየተከተለች እስከ መጨረሻው ሮጠች።

አሰልጣኟ ጋሽ መኩሪያ ባንዲራ ይዘው እየሮጡ መጡና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«አስካለን ያልብሷት ጋሼ፤ የቀደመችኝ እሷ ናት» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ሽማግሌው ወደ ትልቁ ስክሪን ዞሩ። የመጨረሻው ዙር እየተደገመ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ከፊት ስትሮጥ ቆይታ፣ ድንገት ወደ ውጭ ወጥታ መንገድ ስትለቅ ይታያል። ተከታይዋ ሃያ ሜትር ርቃለች።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአስካለን አርባ አውጥተን አይደል እንዴ የመጣነው?»