ከዝርዝር የቀረ ዕዳ

ዱዌን መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ቀና አለ። ጆሊን ከበረንዳዋ አልወረደችም። ሟች ባሏ ለዚህ ወንድሙ የጀልባ ሞተር መግዣ ሲያበድር «ቤተሰብ ነው» ብሎ ነበር። ቤተሰብ የተባለው ግን አምና ፍርድ ቤት ሄዶ «ከስሬያለሁ» ሲል የባንኩንም የነዳጅ ማደያውንም ዕዳ እንዲሰረዝለት አስመዝግቦ የእሷን ብቻ ተወው።

«ከሰው አልቆጠርከኝም፤ ደግ አደረግክ» አለችው። «ያስመዘገብከውን ዳኛው ሰረዘልህ። የእኔ አልተመዘገበም፤ ስለዚህ አልተሰረዘም። ሰኞ እከስሃለሁ፤ ያቺን ቆርቆሮ መኪናህን አስሸጣታለሁ።»

«ጠበቃ ጠይቀሻል?»

«ለዚህ ደግሞ ጠበቃ ምን ያደርጋል?»

ዱዌን ከጓንቱ ላይ የሚሺጋንን በረዶ አራገፈ። «እኔ ጠይቄያለሁ። ያኔ ለአበዳሪ የሚከፋፈል ምንም ስላልነበረኝ ያልተመዘገበውም አብሮ ተሰርዟል። የአንቺን ያስቀረሁት እንዳይሰረዝ ብዬ ነበር። የወንድሜን ገንዘብ ከማደያ ዕዳ ጋር ማሰለፉ አሳፈረኝ። ሞኝ ነኝ፣ ሕጉን አላወቅኩም።»

«ውሸታም።»

«ጠይቂያ። ጠበቃው መጋቢት ላይ ነው የነገረኝ።»

ጆሊን ወራቱን በጣቷ ቆጠረች። ከመጋቢት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጣሪያዋን ጠግኗል፣ አጥሯን አቁሟል፣ እንጨቷን ፈልጧል። እሷም በመስኮት እየተቆጣጠረችው «ይሄ ወለዱ ነው፤ ዋናውን እንዳትረሳ» ትለው ነበር።

«ታዲያ ለምን ስትመጣ ከረምክ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ዱዌን መጥረቢያውን ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገ። ግንዱ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ ቀረ።

«ብርዱ ገና ነው፣ ጆሊን። ሰኞ ዳኛው ፊት ስትቀርቢ እግረ መንገድሽን ንገሪውና መጥቶ ይፍለጥልሽ።»