የቅዳሜ መንጠቆ

ውሸት ካለበት ምላሴን ይቁረጠው፤ በዚያ ቅዳሜ በመላው ሚኒሶታ ከዶክተር ሎሬይን የበለጠ የጨነቀው ፍጡር አልነበረም። በአያቶችና በልጅ ልጆች ትስስር ላይ ዕድሜዋን የፈጀችበት ጥናት ሰኞ ለዩኒቨርሲቲው ካልቀረበ ከሥራዋ ትሰናበታለች። ካጠናቻቸው ቤተሰቦች ሁሉ ሳይኳረፉ የቀሩላት ሽማግሌው ቶይቮና ወጣቷ የልጅ ልጁ ካይሳ ብቻ ነበሩ። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በቆመችው የዓሣ ማጥመጃ ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጣ፣ በሙያዋ ወግ መሠረት ስለ እነሱ የጻፈችውን አንብባ "ልክ ነው" ልታሰኛቸው ወረቀቷን ዘረጋች። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ጎጆዋ ተንቀጠቀጠች፤ ሐይቁም ለጥቂት ነው ሳይሰነጠቅ የቀረው።

"አንብቢው እንጂ ልጄ! ዓሣው እንኳ ጓጉቶ ራሱ ሊወጣ ነው" አላት ቶይቮ፣ የካይሳን መንጠቆ ከክሩ ጋር እያሰረ።

አነበበች። አያትየው በየቅዳሜው መንጠቆ እያሰረ ዕድሜ ልኩን ያወቀውን ሁሉ ለልጅቷ ያወርሳል፤ እንዲህ ያለ ፍቅር ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ ታይቶ አይታወቅም። ቶይቮ "እሱስ ልክ ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሎሬይን ገና ያን ጊዜ ተነፈሰች።

ካይሳ ግን በረዶው ላይ የተቆፈረውን ጉድጓድ ቁልቁል እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዶክተር፣ መንጠቆ ማሰርስ እኔም እችላለሁ" አለች። "እርስዎ በማይመጡበት ቅዳሜ እኮ እኔና አያቴ አንገናኝም።"